ዶማ ያነሡት ንጉሥ

የተወደዳችሁ የወረታና የፎገራ ምእመናን፣ የዳግማዊ አጤ ምኒልክ ስም ሲነሣ ቶሎ የሚታወሰን ዓድዋ ነው። ዛሬ ግን ከዓድዋ በፊት ወደነበረው ክፉ ቀን ልመልሳችሁ።

ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. ተወለዱ። በልጅነታቸው አባታቸውን አጥተው በመቅደላ አሥር ዓመት ያህል በአጤ ቴዎድሮስ እጅ ቆዩ። በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑ አገሪቱ ተርባ ነበር። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ ከአሥር ከብት ዘጠኙን ያህል እንደፈጀ ይገመታል። የፎገራን ከብት የምታረቡ ታውቁታላችሁ፤ በሬ ሲሞት ሞፈር ይሰቀላል፣ ጎተራ ይራቆታል። ቀድሞ የሚወድቀውም አቅመ ደካማው ሽማግሌ ነው።

ንጉሡ ምን አደረጉ? ጎተራቸውን ከፍተው ለተራበው እህል አደሉ። መኳንንቱ መቆፈርን እንዳይንቁም ዶማ ይዘው በገዛ እጃቸው መሬት ቆፈሩ።

እኚሁ ብርቱ ሰው በመጨረሻ ዘመናቸው ሽባ ሆነው አልጋ ላይ ዋሉ፤ እቴጌ ጣይቱም አስታመሟቸው። በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ዛሬ ሌላውን የሚደግፍ ክንድ ነገ ደጋፊ ይሻል።

ወገኖቼ፣ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ፣ ኑሮም ሲከብድ፣ ከአጥራችሁ ማዶ ብቻቸውን ያሉትን አባባና እማማ አስቧቸው። የያዕቆብ መልእክት እንደሚያስተምረን፣ ለተራበ ሰው መልካም ምኞት ብቻ አይበቃውም። አንድ ቁና እህል፣ አንድ እንስራ ውኃ፣ የአንድ ቀን ጉልበት ስጧቸው። ጌታ ይርዳን፤ አሜን።