ገንዳውን የገለበጡት ሐኪም

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ማታ ከደጁ ተቀምጦ ቡና የሚጠጣ ሰው ከቢምቢ ጋር ይታገላል። አንዱ የባሕር ዛፍ ቅጠል ያጨሳል፤ ሌላው ነጠላውን ይከናነባል። የእኔ ጎረቤት ሁለቱንም ያደርጋሉ፤ ከጀርባቸው ባለው ክዳን የሌለው በርሜል የተጠራቀመውን የዝናብ ውሃ ግን ልብ አይሉትም። ይህንን እያየሁ ነው፣ ውድ አንባቢያን፣ የእንግሊዛዊው ሐኪም የሰር ሮናልድ ሮስ ታሪክ ትዝ ያለኝ። (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሮስ በ1857 አልሞራ በተባለች የሕንድ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የጦር መኰንን ነበሩ። ልጅየው ግጥምና ሙዚቃ፣ ኋላም ሒሳብ ይወዱ ነበር እንጂ ሕክምናን አልተመኙም፤ ሐኪም የሆኑት በአባታቸው ፈቃድ ነው። እንዲህ ያለው የአባት ትእዛዝ በእኛም አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ሎንዶን ተምረው በ1881 በሕንድ የሕክምና አገልግሎት ተቀጠሩ።

በ1883 ባንጋሎር ሲሠሩ ያረፉበት ቤት በቢምቢ ይታመስ ነበር። ምክንያቱን ቢፈልጉ ከመስኮታቸው ውጭ ውሃ ያቆረ ገንዳ አገኙ፤ ውስጡ የቢምቢ እጭ ይርመሰመሳል። ገንዳውን ገለበጡት፤ ቢምቢውም ወዲያው ቀነሰ። በሰፈሩ ሁሉ እንዲሁ ይደረግ ብለው ለአንድ የጦር ሹም ቢያመለክቱ፣ ሹሙ የተፈጥሮን ሥርዐት ማፍረስ አይገባም ብሎ እምቢ አለ።

ያን ጊዜ ቢምቢ ወባን ማዛመቷን ያረጋገጠ ሰው አልነበረም። በ1894 ዶክተር ፓትሪክ ማንሰን ይህንኑ ጥርጣሬያቸውን ለሮስ አካፈሏቸው። ሮስ ወደ ሕንድ ተመልሰው ሁለት ዓመት ያህል በማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍተው የቢምቢ ሆድ ሲመረምሩ ከረሙ። በዚያ ሙቀት ማራገቢያ እንኳ አያስነሡም፤ ነፋሱ ቢምቢዎቹን ይበትንባቸዋልና። ደሙን ለቢምቢ ላስመጠጠ ሕመምተኛ በአንዷ ቢምቢ አንድ የሕንድ አና ይከፍሉ ነበር። በመጨረሻ ኦገስት 20 ቀን 1897 ሴኩንድራባድ ላይ፣ ክንፏ ነጠብጣብ ባለባት ቢምቢ ሆድ ውስጥ የወባን ተሐዋስ አገኙ። በማግስቱ ዓመት ካልካታ ላይ በወፎች አማካይነት የመተላለፊያውን መንገድ አሳዩ፤ በ1902ም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ለክብሩ ሲሉ ከኢጣልያዊው ሊቅ ከግራሲ ጋር የገጠሙት ጭቅጭቅ ግን ለእኒህን ለመሰለ ሰው የሚያምር አልነበረም።

ሮስ በሽልማቱ አልተቀመጡም። በዚያው ዓመት በስዌዝ ቦይ ዳር ወዳለችው ወደ ኢስማዒሊያ ሄደው ምክር ሰጡ፤ ኩሬው እየተደፈነ፣ የማይደፈነው ላምባ እየፈሰሰበት፣ ወባው በጥቂት ዓመት ውስጥ ሊጠፋ ተቃረበ። ዘዴው ያው የባንጋሎሩ ገንዳ ነው።

ወባ የቆላ በሽታ ነው የሚለው አነጋገር ደገኛውን ብዙ ጊዜ አዘናግቶታል። በ1958 ወረርሽኙ ወደ ደጋማው አገራችን ወጥቶ 150,000 ያህል ሰው እንደ ገደለ ይገመታል። በ2004 የታተመ ጥናትም በአቃቂ ከተማና በአካባቢዋ ወባ እዚያው እንደሚተላለፍ አሳይቷል። በዚህ ላይ ሕንድን ጨምሮ የእስያ ተወላጅ የሆነች፣ በበርሜልና በገንዳ ውሃ መራባት የምትወድ የወባ ትንኝ በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች፤ በ2022 በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት ሆናለች።

ሮስ በ1932 በ75 ዓመታቸው ሎንዶን አረፉ። ታሪካቸውን ለጎረቤቴ ባወጋላቸው ጊዜ ደስ ብሏቸው ሰሙኝ፤ በርሜሉ ግን እስከ ትናንት ማታ ክዳን አልነበረውም።