ቤንቬኑቶ ቼሊኒ፤ የእጁን ምሥጢር ለሰው የተወ አንጥረኛ

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1527 ዓ.ም. በሜይ ወር የንጉሠ ነገሥት ካርል 5ኛ ወታደሮች ሮማን ሰብረው ገብተው ከተማይቱን ሲዘርፉ፣ የሮማው ፓፓ ቀሌምንጦስ 7ኛ ካስቴል ሳንታንጀሎ በሚባለው ምሽግ ውስጥ ተከበው ነበር። ከበባው በጠናባቸውም ጊዜ አንድ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት አንጥረኛ አስጠርተው ዘውዶቻቸውንና ሌላውን የከበረ ጌጥ ሁሉ በፊቱ አስቀመጡለት። ትእዛዙ ዕንቈቹን ነቅሎ ወርቁን እንዲያቀልጠው ነበር። ወጣቱም ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እየነቀለ በወረቀት ጠቀለላቸው፤ በፓፓውና በአንድ ታማኝ አገልጋያቸው ልብስ ገበር ውስጥም ተሰፉ። ከዚያ በኋላ በምሽጉ አናት ላይ ባለችው ክፍሉ ምድጃ ሠርቶ፣ ከእርሱ በፊት የነበሩ ጠቢባን ዕድሜያቸውን የጨረሱበትን ሥራ በእሳት አቀለጠው።

ያ ወጣት የፍሎሬንስ ሰው ቤንቬኑቶ ቼሊኒ ነበር። ቼሊኒ በአንጥረኛነት፣ በሐውልት ቀራጺነትና በደራሲነት ስሙ የገነነ ሰው ነው። እኛ ግን ዛሬ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን ስናቀርብ ዓላማችን ስለ ጠቡና ስለ ሽሽቱ ብቻ ለማውራት አይደለም። የወርቅና የብር ጌጥ ትልቁ ጠላት የራሱ ዋጋ ነው፤ ጦርነት ወይም ዕዳ በመጣ ቍጥር ጌጡ ተሰባብሮ ወደ ምድጃ ይገባል። እንግዲህ የእጁ ሥራ እንዲህ የሚጠፋበት ሰው ከሞተ በኋላ ምን ሊቀርለት ይችላል? የቼሊኒ ሕይወት ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ይመስለናል።

ቼሊኒ የተወለደው በፍሎሬንስ ከተማ ኖቬምበር 3 ቀን 1500 ዓ.ም. ነው። አባቱ ጆቫኒ የሙዚቃ መሣሪያ የሚሠራ፣ በከተማው የሙዚቃ ጓድም ውስጥ የሚጫወት ሰው ስለ ነበረ፣ ልጁ ዋሽንት ነፊ እንዲሆንለት አጥብቆ ይመኝ ነበር። ልጁ ግን ዋሽንቱን ከልቡ ይጠላው ነበርና በአሥራ አምስት ዓመቱ፣ አባቱ ሳይወድ፣ ማርኮኔ በሚባል አንጥረኛ ሱቅ ገብቶ መማር ጀመረ። እጁ ፈጣን ነበር፤ ቍጣውም እንዲሁ። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ከወንድሙ ጋር በመንገድ ላይ ጠብ ውስጥ ገብቶ ለጥቂት ወራት ከከተማው ተባረረ። በ1523 ዓ.ም. ደግሞ በሌላ ጠብ ምክንያት በሌለበት የሞት ፍርድ ስለ ተፈረደበት፣ የመነኵሴ ልብስ ለብሶ ወደ ሮማ ሸሸ።

በዚያ ዘመን በሮማ የአንጥረኛነት ሥራ ብዙ ክፍል ነበረው። ማኅተም የሚቀርጸው ሌላ፣ የሜዳይ ቅርጽ የሚያወጣው ሌላ፣ በኤናሜል የሚያስጌጠው ደግሞ ሌላ ነበር፤ እያንዳንዱም በራሱ ሙያ ይኰራ ነበር። ቼሊኒ ሁሉንም እማራለሁ ብሎ ተነሣ። ከሁሉ የከበደው ኤናሜል እንደ ነበረ ራሱ በታሪኩ ላይ ገልጿል። በዚህ ሙያ ከሁሉ ይበልጣል ብሎ የሚያደንቀው አንድ የፍሎሬንስ ሰው ነበረ፤ ስሙም አሜሪጎ ይባላል። ቼሊኒ ግን ይህን ሰው በዐይኑ አላየውም፤ የሚያውቀው ሥራውን ብቻ ነበር። ስለዚህ ከሰውየው አፍ ሊሰማ ያልቻለውን ትምህርት ከሠራው ዕቃ ላይ በማየት፣ ደጋግሞ በመሞከርና በማበላሸት ተማረው። ይህን ነገር አንባቢያችን በልቡ እንዲይዘው እንፈልጋለን፤ በኋላ ወደ እርሱ እንመለሳለንና።

ኤናሜል ምን እንደ ሆነ በአጭሩ እናስረዳ። በብዙ ቤት የሚገኘውን ባለ አበባ የብረት ሰሃን የማያውቅ የለም። በብረቱ ላይ የተለበጠው የሚያብለጨልጭ ነገር ቀለም አይደለም፤ ተፈጭቶ ከተነሰነሰ በኋላ በእሳት ቀልጦ ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ብርጭቆ ነው። የቼሊኒም ሙያ በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም። ልዩነቱ በብረት ፈንታ ወርቅና ብር መሆኑ፣ ብርጭቆውም ብርሃን የሚያሳልፍ ስለ ሆነ ከሥሩ የተቀረጸው ሥዕል በቀለሙ ውስጥ አልፎ መታየቱ ነው።

ሮማ ከተዘረፈች በኋላ ፓፓ ቀሌምንጦስ ለካባቸው አንድ ትልቅ የወርቅ ማያያዣ እንዲሠራ ፈለጉ። ብዙ አንጥረኞች ንድፍ ሲያቀርቡ ትልቁን አልማዝ በእግዚአብሔር አብ ሥዕል ደረት ላይ አድርገውት ነበር። ቼሊኒ ግን አልማዙን ዙፋን አድርጎ ሥዕሉን በላዩ አስቀመጠው፤ ሥራውም ለእርሱ ተሰጠ። ይህ ማያያዣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በሮማ ከኖረ በኋላ፣ በ1797 ዓ.ም. ፓፓው ለናፖሊዮን ቦናፓርት የተጣለባቸውን ካሣ ለመክፈል ሲሉ ቀለጠ። ዛሬ የምናውቀው አስቀድሞ ከተሣሉት ሥዕሎች ብቻ ነው። ቼሊኒ በሌሎች ሥራ ላይ ያደረገው በራሱም ሥራ ላይ ደረሰ ማለት ነው።

ስለ ጠባዩ ዝም ብለን ብናልፍ ግን ታሪኩን ማጣመም ይሆንብናል። ቼሊኒ በ1529 ዓ.ም. ወንድሙን የገደለውን ወታደር አድፍጦ ገደለ። በ1534 ዓ.ም. ደግሞ ፖምፔዮ የሚባል ተቀናቃኙን አንጥረኛ በአደባባይ በጩቤ ወግቶ ገደለው። አዲሱ ፓፓ ጳውሎስ 3ኛ ስለ ጥበቡ ብለው ማሩት። የሰው ነፍስ አጥፍቶ በጥበብ ሰበብ መማር ፍርድ አይባልም፤ እኛም ይህን ለማመስገን አላነሣነውም። የሚያስገርመው ግን በገዛ እጁ ላፈሰሰው ደም ያልታሰረው ሰው በ1538 ዓ.ም. በሌላ ነገር መታሰሩ ነው። ክሱ በከበባው ጊዜ ዘውዶቹን ሲያቀልጥ ዕንቈችን ሰርቋል የሚል ነበር፤ የታሰረውም በዚያው ምድጃውን በሠራበት ምሽግ ነው። የአልጋ ልብስ ቀዳዶ በገመድ መልክ እያያያዘ ከግንቡ ወርዶ አመለጠ፤ ነገር ግን እግሩ ተሰበረና እንደ ገና ተያዘ። በመጨረሻም በ1539 ዓ.ም. በካርዲናል ኢፖሊቶ ዴስቴ አማላጅነት ተፈታ።

ከዚያ በኋላ ወደ ፈረንሳይ ሄዶ ለንጉሥ ፍራንሷ 1ኛ ሲሠራ፣ እስከ ዛሬ ስሙን የሚያስጠራውን የወርቅ የጨው ማቅረቢያ በ1543 ዓ.ም. ፈጸመ። የዕቃው ቁመት 26 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በአንድ ወገን የባሕር አምላክ፣ በሌላው ወገን ምድርን የምትመስል ሴት ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። በባሕሩ አጠገብ ያለችው መርከብ ጨው፣ በምድር አጠገብ ያለው ትንሽ ቤት ቁንዶ በርበሬ ይይዛሉ። ባሕሩና ዓሣዎቹ፣ ሣሩና አበባው ሁሉ በኤናሜል የተሠሩ ናቸው፤ መቀመጫውም ዞጲ የሚባለው ጥቁር እንጨት ነው። ለአንድ ቁንጥር ጨው ይህን ያህል ድካም የወጣበት ዕቃ በዓለም ላይ ሌላ የሚገኝ አይመስለንም።

በ1545 ዓ.ም. ወደ ፍሎሬንስ ተመልሶ የመስፍኑን የኮዚሞ ደ ሜዲቺን ትእዛዝ ተቀበለ፤ ይኸውም የፔርሴዎስ ሐውልት ነው። ብዙዎች አንጥረኛ ይህን የሚያህል ሐውልት በነሐስ ሊያፈስ አይችልም ብለው ነበር። ሐውልቱ በሚፈስበት ቀን ቼሊኒ በትኵሳት ታሞ ተኛ፤ የሱቁ ጣሪያ በእሳት ተያያዘ፤ ነሐሱም በምድጃው ውስጥ መርጋት ጀመረ። እርሱ ከአልጋው ዘልሎ ተነሥቶ የደረቀ እንጨት አስጨመረ፤ በቤቱ የነበሩትንም ሁለት መቶ ያህል የቆርቆሮ ሰሃኖችና ጣሳዎች ወደ ምድጃው አስጣለ። ነሐሱ እንደ ገና ቀልጦ ቅርጹን ሞላ። ሐውልቱ በ1554 ዓ.ም. ለሕዝብ ተገለጠ፤ ዛሬም በፍሎሬንስ አደባባይ ቆሞ ይታያል።

እርጅናው ግን ደስ የሚያሰኝ አልነበረም። በ1556 ዓ.ም. አንድ አንጥረኛ ደብድቦ ታሰረ፤ በሚቀጥለው ዓመት በሌላ ከባድ ክስ የአራት ዓመት እስራት ተፈርዶበት በቤቱ ውስጥ ተወስኖ እንዲቀመጥ ተደረገ። ትልቅ ሥራም ከመስፍኑ ዘንድ አልመጣለትም። በዚህ ጊዜ ወደ ጽሕፈት ተመለሰ። በ1558 ዓ.ም. የሕይወቱን ታሪክ ጀመረ፤ እጁ ሥራ እንዳይፈታም እየሠራ ለአንድ ልጅ ይነግረውና ያስጽፈው ነበር። ይህ መጽሐፍ የታተመው ከሞተ ከረጅም ዘመን በኋላ በ1728 ዓ.ም. ነው። በሕይወቱ ሳለ፣ በ1568 ዓ.ም. የታተመለት ግን ስለ አንጥረኛነትና ስለ ሐውልት ሥራ የጻፈው መጽሐፍ ነው፤ የዛሬው ጽሑፋችን ዋና ነገር ይህ ነው።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ቼሊኒ ከሱቅ ደጃፍ የማይወጣውን ምሥጢር ገልጦ ያስተምራል። ኤናሜሉ በትንሽ የብረት ሙቀጫ ከውሃ ጋር ይደቅቃል፤ ከዚያም እድፉ እስኪለቅ ይታጠባል። ልዩ ልዩ ቀለሞች እኩል ስለማይቀልጡ አስቀድሞ በትንሽ ሰሌዳ ላይ እያንዳንዱን መሞከር ያስፈልጋል። በተቀረጸው ብር ላይ በስሱ ይነጠፋል፤ ውሃው በንጹሕ ጨርቅ ይመጠጣል፤ በእሳቱ አጠገብም ቀስ ብሎ ይደርቃል። ወደ ምድጃው ሲገባ ዐይን ከእርሱ መነቀል የለበትም፤ ኤናሜሉ መንቀሳቀስ ሲጀምር ፈጥኖ ይወጣል እንጂ እስኪፈስ አይጠበቅም። ከቀዘቀዘ በኋላ ሌላ ንጣፍ ተጨምሮበት እንደ ገና ይተኰሳል፤ በመጨረሻም በድንጋይ ተፍቆ ይወለወላል። ኤናሜሉ ክብ በሆነ ሥራ ላይ እንዳይንሸራተት የእንኮይ መሰሉ የፒር ፍሬ ዘር የተነከረበትን ሙጫማ ውሃ መቀላቀል ይበጃል። ብርሃን የሚያሳልፈው ያማረው ቀይ ኤናሜል ደግሞ በወርቅ ላይ እንጂ በብር ላይ አይሆንም ብሎ ያስጠነቅቃል።

እነዚህ ነገሮች ለማያውቅ ሰው ተራ ይመስላሉ። ነገር ግን እያንዳንዷ መስመር የአንድ የተበላሸ ጌጥ ዋጋ ናት። አሜሪጎን ሳያገኝ የቀረው ሰው፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ወጣት ያን ያህል እንዳይደክም መንገዱን ጠረገለት።

ቼሊኒ በፍሎሬንስ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1571 ዓ.ም. ሞተ። ለንጉሥ ፍራንሷ የሠራው የብር ዩፒተር ሐውልት ጠፍቷል፤ ሌላውም የወርቅና የብር ሥራው ከጥቂት ነገር በቀር አልተረፈም። በቪየና ቤተ መዘክር ያለው የጨው ማቅረቢያ እንኳ በሜይ 2003 ዓ.ም. ተሰርቆ፣ በጃንዋሪ 2006 ዓ.ም. በኦስትሪያ ጫካ ውስጥ በእርሳስ ሣጥን ተቀብሮ ተገኘ። መጽሐፉን ግን ማንም አቅልጦ ወርቅ ሊያወጣበት አይችልምና ቀረ።

በ20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጃፓኖች ብርን እንደ ዱቄት አልመው፣ ከውሃና ከሚያጣብቅ ነገር ጋር ለውሰው፣ በጣት የሚቀረጽ የብር ጭቃ ሠርተዋል። ጭቃው ቅርጽ ይዞ ሲደርቅ ወደ እሳት ይገባል፤ ማጣበቂያው ይቃጠልና ንጹሕ ብር ብቻ ይቀራል። ይህ ጭቃ ቼሊኒ የማያውቀው ነገር ነው። ነገር ግን በላዩ ኤናሜል ለማንጠፍ የሚፈልግ ተማሪ ዛሬም አስተማሪው የሚነግረው ያንኑ ነው፤ አጥበህ ንጹሕ አድርግ፣ በስሱ አንጥፍ፣ ሳይደርቅ ወደ እሳት አታግባ፣ ከቀዩም ቀለም በብር ላይ ተጠንቀቅ።

ስለዚህ በትምህርት ቤትም ሆነ በመሥሪያ ቤት ላለው ወጣት አንባቢያችን የምናስታውሰው አንድ ነገር ነው። ከቼሊኒ ቍጣውን አንማር፤ ትምክሕቱንም አንውሰድ። ነገር ግን በድካም ያገኘነውን ዕውቀት በኪሳችን ቋጥረን ከመሞት፣ አስተካክለን ጽፈን ለሚመጣው ሰው ማስረከብን ከእርሱ እንማር። እኛ የምንሠራው ዕቃ ወይም የምንይዘው ወንበር አንድ ቀን ወደ ምድጃ መግባቱ አይቀርምና።