ጨጓራን እንደ ጥምጥም የጠመጠመ ሐኪም

በልደታ፥ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚማሩት የሕክምና ጓደኞቻችን ኒሰን የሚል ስም ሲያነሡ ስለ መኪና የሚያወሩ የመሰለው የአርት ፋኩልቲ ተማሪ እኔ ብቻ እንዳልሆንሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ኒሰን ሰው ነበረ። ታሪኩን ካገኘሁት በኋላ ለብቻዬ መያዙ ንፉግነት መስሎ ስለ ታየኝ እነሆ ጻፍሁት። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሩዶልፍ ኒሰን በ1896 ናይሰ በምትባል፥ ያን ጊዜ የጀርመን፥ ዛሬ የፖላንድ በሆነች ከተማ ተወለደ። አባቱም ኦፕራሲዮን አድራጊ ሐኪም ነበረ። ልጁ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘምቶ ሳንባው ላይ ቈሰለ። ቈይቶም የዝነኛው የዛወርብሩክ ረዳት ሆነና በ1931 በርሊን ላይ የአንዲት ልጃገረድን አንድ ሳንባ በሙሉ አውጥቶ በሕይወት አተረፋት።

በ1933 ሂትለር ሥልጣን ያዘ። ኒሰን አይሁዳዊ ነበረ። ዘማች በመሆኑ ለጊዜው ሥራውን ይዞ ሊቈይ ይችል ነበር፤ እርሱ ግን ወደ ቱርክ ሄዶ በኢስታንቡል ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምና ኀላፊ ሆነ።

በ1936 አንድ የ28 ዓመት ወጣት መጣለት። በምግብ ቧንቧው ግርጌ የወጣ ቍስል ወደ ልቡ ሽፋን ዘልቆ ነበር። ኒሰን የታመመውን ቈርጦ ቀሪውን ከጨጓራው ጋራ ሰፋው። ስፌቱ እንዳይፈታ ስለ ሠጋም የጨጓራውን አናት እንደ ካህን ጥምጥም ዙሪያውን ጠመጠመበት። ያሰበው ስፌቱን መጠበቅ ብቻ ነው። ከ16 ዓመት በኋላ ግን ያ ሰው ቃር እንደማያሠቃየው አስተዋለ!

ቃር ለብዙዎቻችን ቅመም ከበዛበት ወጥ በኋላ የሚመጣ እንግዳ ነው። በየዕለቱ ሲመላለስ ግን የጨጓራ አሲድ ቧንቧውን ያቈስላል፥ ያጠብባል፤ አልፎ አልፎም ለነቀርሳ ይዳርጋል።

ኒሰን በ1939 ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በ1948 በብሩክሊን አልበርት አንስታይን ተኛለት፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ትልቁ የደም ሥር አብጦ ነበር። ኒሰን እብጠቱን በሴሎፋን ጠቀለለው፤ አንስታይንም ከስድስት ዓመት በላይ ኖረ። ይህ ሐኪም ለመጠቅለል የተፈጠረ ይመስላል።

በ1952 ስዊስ አገር፥ ባዝል ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ1955 ቃር ላሠቃያት የ49 ዓመት ሴት፥ ቧንቧውን ሳይቈርጥ፥ ጨጓራዋን ብቻ ጠመጠመላት። ውጤቱን በ1956 አሳተመ።

ጉድለት አልነበረበትም ማለት አይደለም። ጥምጥሙ ሲጠብቅ በሽተኛው መዋጥ ይቸግረዋል፤ ማግሳት ተስኖት ሆዱ ይነፋል። ስለዚህ ተከታዮቹ አሳጠሩት፥ አላሉትም። በ1991 ደግሞ ቤልጂጋዊው ዳልማኝና ጓደኞቹ ሆድን በሰፊው ሳይቀዱ በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብተው ሠሩት።

እኔ አዲሱ መሣሪያ ቃሩን አብልጦ የሚያድን መስሎኝ ነበር። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ሁለቱ መንገዶች ሲነጻጸሩ በቀዳዳ የታከመው ከሆስፒታል ቶሎ ይወጣል፥ ከቍስሉ የሚመጣው ጣጣም ይቀንስለታል፤ ቃሩን በመከልከል ግን ከዓመታት በኋላም ሁለቱ ተቀራራቢ ናቸው። በሁለቱም በኩል ወደ መድኀኒት የሚመለሱ አይጠፉም። ያነሰው ቀዳዳው ነው እንጂ ጥምጥሙ ያው የኒሰን ነው።

እርሱ ይህን አላየም። በ1967 ከወንበሩ ወርዶ በ1981 ባዝል አጠገብ ሞተ።