ሕሙማኑን በገዛ ቋንቋቸው ያነጋገረው ሐኪም

ስኪዞፍሬንያ የሚለው ቃል በሥነ ልቡና ትምህርታችን አንድ ሁለቴ ብቅ ብሎ ያልፋል። በሻይ ሰዓት ጨዋታ ላይ ግን ያለ ቦታው ሲወረወር እንሰማለን። ጠዋት ሲስቅ አርፍዶ ማታ የተኮሳተረ ሁሉ ይኸው ስም ይሰጠዋል፤ በአንድ ሰው ውስጥ ሁለት ሰው የሚኖርበት በሽታ ነው የሚልም አይጠፋም። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ስለዚህ ለዛሬው ዓምዳችን ቃሉን የፈጠረውን ሐኪም፣ የኦይገን ብሎይለርን ሕይወት መርጠናል። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ብሎይለር በ1857 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ፣ በዙሪክ ከተማ አጠገብ ባለችው በጾሊኮን መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ቡርግሆልዝሊ የተባለው የዙሪክ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል በ1870 ሲከፈት፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዋና ሐኪሞቹ በአብዛኛው ከጀርመን የመጡ ፕሮፌሰሮች ነበሩ። እነሱ የሚናገሩት የመጽሐፍ ጀርመንኛ ነው፤ በሽተኛው ደግሞ የሚያውቀው የመንደሩን አነጋገር ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ልቡ የታወከ ሰው ንግግሩን በቅጡ የማይሰማ ሐኪም ፊት ሲቀርብ! የአካባቢው ሕዝብ በዚህ ያጉረመርም ነበር። የብሎይለር ቤተሰብ ነገሩን ከሌላው ይበልጥ ያውቀዋል፤ እሱ ገና ወጣት ሳለ ታላቅ እህቱ በአእምሮ ሕመም ተይዛ ነበርና።

ሕክምና ተምሮ በ1886፣ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው፣ የራይናው ሆስፒታል ኃላፊ ሆነ። ሆስፒታሉ በራይን ወንዝ ደሴት ላይ በነበረ አሮጌ ገዳም ውስጥ የተቋቋመ ነው፤ ወደዚያ ይላኩ የነበሩትም በአብዛኛው ተስፋ የተቆረጠባቸው ሕሙማን ነበሩ። ብሎይለር አሥራ ሁለት ዓመት አብሯቸው ኖረ። አብሯቸው ይሠራል፣ በነሱው አነጋገር ያወራቸዋል፣ የሚሉትንም በማስታወሻ ይይዛል። ትርጉም የለሽ የሚመስለው የበሽተኛ ንግግር ታግሠው ካዳመጡት የራሱ ክር እንዳለው የተረዳው እንዲህ ነው። በኛ ግምት የሰውየው ትልቁ ሥራ የተሠራው በዚያ ደሴት ላይ ነው፤ መጽሐፉ ኋላ የመጣ ነው። በ1898 የቡርግሆልዝሊ ዲሬክተር ሲሆንም ልማዱን አልተወም።

በዚያን ጊዜ ለበሽታው የነበረው ስም ጀርመናዊው ኤሚል ክሬፔሊን ያስፋፋው ሲሆን፣ ትርጉሙ ያለ ዕድሜ የመጣ የአእምሮ መዳከም እንደ ማለት ነው። ብሎይለር ግን ሁሉም በወጣትነቱ አይታመምም፣ የሁሉም አእምሮ እየደከመ አይጠፋም ብሎ ተከራከረ። በ1908 በርሊን ላይ ባደረገው ንግግር ስኪዞፍሬንያ የሚለውን ስም አቀረበ፤ በ1911 ደግሞ ሰፊውን መጽሐፉን አሳተመ። ቃሉ ከግሪክኛ የተወሰደ ነው፤ የአእምሮ መሰንጠቅ ማለት ነው። የሚሰነጠቀው ግን ሰውየው ለሁለት አይደለም። ሐሳብ፣ ስሜትና ፈቃድ አብረው መጓዝ ይተዋሉ ለማለት ነው እንጂ።

ለምሳሌ መርዶ እየተነገረው ፊቱ ላይ ምንም የማይነበብበት፣ አልፎም ፈገግ የሚል በሽተኛ አለ። ንግግሩ ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው ያለ ማያያዣ ይዘላል። አንዱኑ ነገር በአንድ ጊዜ ይፈልገዋል፣ ይሸሸዋልም። ከሰው ተለይቶ በራሱ ዓለም ይዘጋል፤ ለዚህ ብሎይለር ያወጣለት ስም ኦቲዝም ነበር፤ አዎ፣ ዛሬ በልጅነት ለሚጀምር ለሌላ ሁኔታ የምንጠቀምበት ቃል። ብሎይለር እነዚህን አራቱን መሠረታዊ ምልክቶች አላቸው። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማትን፣ ጎረቤቶቼ ሊመርዙኝ ነው፣ ራዲዮኑ ስለኔ ያወራል የሚለውን የማይነቃነቅ እምነት ግን ተከታይ አደረጋቸው። እዚህ ላይ የኋላ ሐኪሞች አልተከተሉትም። አራቱ ምልክቶች ወሰናቸው አይለይም፤ ብዙ ሰው ይጠልፋሉ። በ1972 የታተመ ማነጻጸሪያ እንዳሳየው፣ የኒውዮርክ ሐኪሞች ስሙን ከለንደኖቹ ይልቅ በብዙ እጅ አብዝተው ይሰጡ ነበር።

ዛሬ ቆጠብ ተብሏል። በሽታው በደም ምርመራ ወይም በራጅ አይታወቅም፤ ጠይቆና አዳምጦ ነው የሚለየው። ድምፅ መስማት፣ የተሳሳተ ጽኑ እምነት፣ የተዘበራረቀ ንግግር የመሳሰሉት ቢያንስ ለአንድ ወር መታየት አለባቸው፤ በአሜሪካ መመሪያ ደግሞ የሥራና የትምህርት ማሽቆልቆሉን ጨምሮ ጠቅላላው ነገር 6 ወር ካልቆየ ስሙ አይሰጥም። መጠጡ፣ ጫቱ፣ የሚጥል በሽታው፣ የአንጎል ዕጢው ሁሉ አስቀድሞ ይጣራል። ባህሉም ይታያል፤ አካባቢው በሙሉ የሚያምነውን ማመን በሽታ አይደለም። ለኛ የሚያሳስበው ዕድሜው ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ ውስጥ ነው፤ በሠልጣኙና በሁለተኛ ደረጃ ተማሪው ዕድሜ ማለት ነው። ደህና የነበረ ልጅ ቀስ በቀስ ከጓደኞቹ ሲርቅ፣ ንጽሕናውን ሲጥል፣ ደብተሩ ሲዘበራረቅ፣ ሰነፍ ብሎ መቅጣት ይቀላል። በሽታውን መሰየም የአስተማሪ ሥራ አይደለም፤ ቤተሰቡን ጠርቶ ሐኪም እንዲያየው ማድረግ ግን ነው።

ብሎይለርን ቅዱስ አናደርገውም። እንደ ብዙ የዘመኑ ሐኪሞች ጽኑ ሕሙማን እንዳይወልዱ ማምከንን ደግፏል። ይህ ከሱ ሲመጣ ይበልጥ ያሳዝናል፤ ታማሚዋን እህቱን እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ባለው መኖሪያው አስጠግቶ የኖረ ሰው ነበርና። በ1927 ጡረታ ወጥቶ በ1939 በተወለደባት መንደር ሞተ። በሽታውን የሚያስታግሡት የመጀመሪያዎቹ መድኃኒቶች በሥራ ላይ የዋሉት በ1950ዎቹ ስለሆነ አላያቸውም።

በሆስፒታሉ ግቢ ያደገው ልጁ ማንፍሬድም ኋላ በአባቱ ወንበር ተቀመጠ። 208 ሕሙማንን ከ20 ዓመት በላይ ተከታትሎ ውጤቱን በ1972 አሳተመ። ከነዚያ ሰዎች መካከል ቁጥራቸው ቀላል የማይባል ድነው ሥራቸውን እየሠሩ ይኖሩ ነበር።