ዊሊያም ዊዘሪንግና የዲጂታሊስ ቅጠል

ለጌጥ በአጸድ ከሚተከሉት አበቦች መካከል ብዙዎቹ በመልካቸው እንጂ በባሕርያቸው አይታወቁም። ዲጂታሊስ የተባለው የአውሮፓ ተክል ከእነዚህ አንዱ ነው። ደወል መሳዩ አበባው የሰው ጣት የሚያስገባ ስለ ሆነ፣ ጀርመናዊው ሊቅ ሌዎንሃርት ፉክስ በ1542 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ስሙን ጣት ከሚለው የላቲን ቃል አወጣለት። ቅጠሉ ግን የደከመ ልብን የሚያበረታ፣ ሲበዛም ልብን የሚያቆም ኃይል አለው። የሁለቱን ድንበር በመጠን ለመለየት የደከመው እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ዊዘሪንግ ነው።

ዊዘሪንግ በ1741 በሽሮፕሻየር አውራጃ ተወለደ። በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጥንቶ በ1766 ተመረቀ። ቀድሞ የዕፅዋትን ትምህርት አይወድም ነበር፤ በኋላ ሚስቱ ለሆነችው አበባ ሠዓሊ ለሄለና ኩክስ ተክል ሲለቅም ግን ፍቅሩ አደረበት። በ1775 ወደ በርሚንግሃም ተዛወረ፤ የእንፋሎት ሞተርን ያሻሻለው ጄምስ ዋትና ኬሚስቱ ጆሴፍ ፕሪስትሊ ከነበሩበት የሊቃውንት ማኅበርም ገባ።

በዚያው ዓመት ሰውነታቸው ውኃ ቋጥሮ ያበጠ ሕሙማንን ታድናለች ስለ ተባለች አንዲት የሽሮፕሻየር አሮጊት መድኃኒት አስተያየቱን ተጠየቀ። መድኃኒቱ ከ20 የማያንሱ ቅጠላ ቅጠሎች ድብልቅ ነበር። ዊዘሪንግ የዕፅዋት ዕውቀቱን ይዞ መረመረውና ኃይሉ ከዲጂታሊስ እንጂ ከሌሎቹ ሊሆን እንደማይችል ለየ።

ከባዱ ሥራ የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። በመጀመሪያ በነፃ ለሚያክማቸው ድሆች የሰጠው መጠን እጅግ የበዛ ነበር፤ ይህንንም ራሱ ጽፎ አምኗል። የሥሩ ኃይል እንደ ወቅቱ ስለሚለዋወጥ ትቶት ቅጠሉን መረጠ፤ እርሱም ተክሉ ሊያብብ ሲል ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ እንዲሰጥ ወሰነ። መጠኑን ለአዋቂ ሰው በቀን ሁለት ጊዜ ከ1 እስከ 3 ግሬን፣ ማለት ከ65 እስከ 195 ሚሊግራም ገደማ አደረገው። ሽንት ሲበዛ፣ ሆድ ሲታወክ ወይም የደም ሥር ምት ሲዘገይ መድኃኒቱ ወዲያው እንዲቋረጥ አዘዘ።

በ1780 ሐኪሙ ኢራስመስ ዳርዊን የዊዘሪንግን ስም ሳይጠቅስ ስለ ዲጂታሊስ አሳተመ። ዊዘሪንግ ግን አሥር ዓመት ታግሦ፣ በ1785 ባወጣው መጽሐፍ ከ150 በላይ የሆኑ ሕሙማንን ታሪክ ዘረዘረ። የዳኑትን ብቻ አልመረጠም፤ ያልተሳካለትንም የሞቱትንም አብሮ መዘገበ። የመጽሐፉ ክብር ያረፈው በዚህ ላይ ነው።

በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር ለመለየት የዘመኑ ኬሚስትሪ አልበቃም። ፈረንሳዊው ናቲቬል በ1869 ዲጂታሊንን በክሪስታል መልክ አገኘ፤ በ1930 ደግሞ ሲድኒ ስሚዝ ከዚሁ ወገን ከሆነ ሌላ ተክል ዲጎክሲንን ለየ። እነዚህ ስኳር የተያያዘባቸው ስቴሮይዶች የልብ ጡንቻ ሴሎችን የሶዲየምና የፖታሲየም ፓምፕ ይገታሉ። ስለዚህ በሴሉ ውስጥ ካልሲየም ይጨምራል፤ ልብም በኃይል ይኮማተራል። መጠኑ ሲያልፍ ግን ያው ሥራ የልብን ሥርዓት ያዛባል፤ ይገድላልም። በጠቃሚው መጠንና በጎጂው መካከል ያለው ርቀት አሁንም ጠባብ በመሆኑ፣ ዲጎክሲን ሲታዘዝ ጥንቃቄው እንደ ጥንቱ ነው።

ዊዘሪንግ ለብዙ ዘመን በሳንባ ሕመም ሲሠቃይ ኖሮ ጥቅምት 6 ቀን 1799 ዐረፈ። በኤጅባስተን ቤተ ክርስቲያን በቆመለት መታሰቢያ ላይ የዲጂታሊስ አበባ ተቀርጿል። የተሻለው መታሰቢያው ግን የኃይለኛ ነገርን ልክ በትዕግሥት መፈለጉና ጥፋቱን ሳይሸሽግ ለተከታዮቹ መተዉ ነው።