የኢንተርኔት መዝገብ ያዥ፦ ጆን ፖስቴል

በሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለችው ትንሿ ኢትዮጵያ ወደ ደቡብ ሲዘልቁ ባልድዊን ሂልስ የተባሉት ኮረብታዎች ይገኛሉ። ሰማዩ በጠራ ቀን ከኮረብታዎቹ አናት ወደ ምዕራብ የተመለከተ ሰው የፓስፊክን ውቅያኖስ፣ በዳርቻውም ማሪና ዴል ሬይ የተባለውን የጀልባ ማረፊያ ሰፈር ያያል። የኢንተርኔት ደንቦች ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል ሲታረሙና ሲመዘገቡ የኖሩት በዚያ ሰፈር በሚገኝ አንድ የምርምር ተቋም ውስጥ ነበር። ሥራውን የያዙት ጆን ፖስቴል ይባላሉ፤ ጢማቸውን ያንዠረገጉ፣ ሰንደል ጫማ የሚያዘወትሩ ምሁር ነበሩ።

ፖስቴል እ.አ.አ. ኦገስት 6 ቀን 1943 በዚያው በሎስ አንጀለስ አውራጃ፣ በአልታዲና ተወለዱ። የተማሩበት የቫን ናይስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኋላ በኢንተርኔት ታሪክ ስማቸው የሚነሣውን ቪንት ሰርፍንና ስቲቭ ክሮከርንም አፍርቷል። ሦስቱም በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሆነው አብረው ሠሩ። ፖስቴል በ1974 በኮምፒውተር ሳይንስ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ከዚያው ተቀበሉ።

ዩኒቨርሲቲው በ1969 የኢንተርኔት ቀዳሚ የሆነው የአርፓኔት የመጀመሪያ ጣቢያ ነበር። በአውታሩ የሚገናኙት ኮምፒውተሮች ግን በልዩ ልዩ ኩባንያዎች የተሠሩ፣ አንዱ የሌላውን አሠራር የማያውቅ ነበሩ። ክሮከር በኤፕሪል ወር የመጀመሪያውን ማስታወሻ ጻፉ። ተማሪዎቹ ታላላቆቻቸውን የደፈሩ እንዳይመስልባቸው ሰነዶቹን የአስተያየት መጠየቂያ፣ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ አርኤፍሲ፣ አሏቸው፤ ትሑቱ ስያሜ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። አርታኢነቱን ፖስቴል ያዙት። በ1977 ማሪና ዴል ሬይ ወደሚገኘው የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተቋም ሲዛወሩም ሥራው ተከተላቸው።

አርትዖቱ ቃላትን ከማሳመር የራቀ ነበር። የአንዱ ሰነድ አንባቢ ጸሐፊውን ላያውቀው ይችላል። ከወረቀቱ ብቻ ተነሥቶ ፕሮግራም ይሠራል፤ ያም ፕሮግራም ሌላ ባዕድ ሰው በሌላ አገር ከሠራው ጋር ያለ አስተርጓሚ መነጋገር አለበት። ሰነዱ አንዲት እርምጃ ለግምት ከተወ ሁለቱ አንባቢዎች ለየራሳቸው ይገምታሉ፣ ማሽኖቹም ሳይግባቡ ይቀራሉ። ስለዚህ ምን እንደሚላክ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚላክ፣ ሳይሳካ ሲቀርም ምን መልስ እንደሚሰጥ ሁሉ መጻፍ ነበረበት። አንዴ የወጣ ሰነድ ደግሞ አይነካም፤ ለውጥ ካስፈለገ በአዲስ ቁጥር አዲስ ሰነድ ይወጣል።

ራሳቸው ፖስቴል በ1982 የጻፉት የኢሜይል ደንብ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ተቀባዩ ኮምፒውተር ለላኪው በሦስት አኃዝ ቁጥርና በአጭር ጽሑፍ ይመልሳል፤ ቁጥሩ ለማሽኑ፣ ጽሑፉ ለሰው። ቁጥሩ በ2 ከጀመረ የታዘዘው ተፈጽሟል። በ4 ከጀመረ ችግሩ ጊዜያዊ ስለሆነ ቆይቶ መሞከር ይቻላል። በ5 ከጀመረ ግን ያንኑ መደጋገም አይጠቅምም። ዛሬም ወደሌለ አድራሻ ኢሜይል የላከ ሰው በሚመለስለት ማስታወቂያ ላይ 550 የሚል ቁጥር ሊያይ ይችላል። ቁጥሩ በዚያ ሰነድ ውስጥ ይገኛል።

ጥያቄው ዛሬ እንደ አዲስ ተነሥቷል። ኤጀንት የሚባሉት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥርዓቶች በሰው ፈንታ ፋይል ይከፍታሉ፣ ቀጠሮ ይይዛሉ፣ መረጃ ይፈልጋሉ። የማያውቁትን የሶፍትዌር መሣሪያ ሲያገኙ የሚመሩት በአብዛኛው ሠሪው በጻፈው መግለጫ ነው። መግለጫው መሣሪያው ፋይል ያስቀምጣል ብሎ ቢያቆምና የቀድሞውን ፋይል ይደመስስ እንደሆነ ባይናገር፣ ኤጀንቱ ይገምታል፤ የሰው ሥራም ሊጠፋ ይችላል። ኤጀንቶችን ከመሣሪያዎች ጋር ለማገናኘት በ2024 የወጣው ኤምሲፒ የተሰኘ ደንብ ግዴታውን ከምክሩ የሚለይባቸው ቃላት ትርጉም የሚገኘው በ1997 በወጣው አርኤፍሲ ቁጥር 2119 ነው። የዚያ ሰነድ ጸሐፊ ሌላ ሰው ቢሆኑም የተከታታይ ሰነዶቹ አርታኢ ፖስቴል ነበሩ።

በስማቸው የሚጠራው ሕግ ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። በ1980 ያሰፈሩት መርህ ፕሮግራም ሲልክ ጥንቁቅ፣ ሲቀበል ግን ቻይ እንዲሆን ይመክራል። ቻይነቱ አውታሩ በፍጥነት እንዲስፋፋ ረድቷል። በ2023 የወጣው አርኤፍሲ ቁጥር 9413 ደግሞ የተሳሳተውን ዝም ብሎ መቀበል ስሕተትን ሥር እንዲሰድ ያደርጋል ሲል ይሞግታል። ብዙዎች የመርሁን ሁለተኛ ክፍል እየጠቀሱ የመጀመሪያውን መዘንጋታቸው ፖስቴልን የሚበድል ይመስላል፤ የሕይወታቸው ሥራ ይልቁንም የጥንቃቄው ክፍል ነበር።

ከአርትዖቱ ጎን የአውታሩን ቁጥሮችና የስም መዝገብ ይይዙ ነበር። በ1994 ባወጡት ሰነድ የትኛው ምድር አገር ነው፣ የትኛው አይደለም የሚለውን መወሰን የመዝገብ ያዡ ሥራ አለመሆኑን ገልጸው፣ ለዚህ ዓለም አቀፉን የአገሮች ምሕጻር ዝርዝር መከተልን መረጡ። የኢትዮጵያ መለያ፣ ነጥብ ኢቲ፣ በ1995 በዚያ መዝገብ ገባ።

ይህን የሚያህል ኃላፊነት በአንድ ሰው እጅ መሆኑ ግን አሳሳቢ እየሆነ መጣ። በጃንዩዋሪ 1998 ፖስቴል ከዋናዎቹ የስም ኮምፒውተሮች የስምንቱን ኃላፊዎች መዝገቡን ከእርሳቸው ተቋም እንዲወስዱ ጠየቁ፤ እነርሱም እሺ አሉ። ዋሽንግተን ስትቆጣ ፖስቴል ሙከራ ነበር ብለው ወደ ቀድሞው መለሱት። በዚያው ዓመት መዝገቡን የሚረከብ አይካን የተባለ ድርጅት ተቋቋመ። ፖስቴል ግን ሥራውን ሲጀምር ብዙም አላዩም። ኦክቶበር 16 ቀን 1998 ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ በተፈጠረ ችግር በ55 ዓመታቸው ዐረፉ። ቪንት ሰርፍ የሐዘን መግለጫቸውን ያወጡት በዚያው ወር፣ ሟቹ ለ30 ዓመታት ገደማ ባረሙት ተከታታይ ውስጥ ነው፤ ቁጥሩም አርኤፍሲ 2468 ነው።