ከግሸን የወረደው ንጉሥ

በየዓመቱ መስከረም 21 ሲደርስ ስልካችን በግሸን ማርያም ፎቶ ይሞላል። አምባሰል ውስጥ ያለው ያ የመስቀል ቅርጽ ያለው አምባ ከላይ ሲታይ ደስ ይላል። ለረጅም ዘመን የነገሥታት ልጆች እስር ቤት እንደነበረ ግን ስንቶቻችን እናስባለን? ግማደ መስቀሉን እዚያ አስቀመጠ የሚባለው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ራሱ እዚያው ታስሮ የኖረ ሰው ነው።

የተወለደው በ1399 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ ዐፄ ዳዊት፣ እናቱ እግዚእ ክብራ ይባላሉ። በዚያ ዘመን ሕግ ንጉሡ ሲነግሥ ሌሎቹ ወንዶች ወደ አምባው ይወጣሉ። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሆናል፣ ሥርዓቱን ሳየው ወጪ ቆጣቢ ነው፤ የእርስ በርስ ጦርነቱን ዋጋ ጥቂት ልጆች ብቻቸውን ይከፍሉታል።

በ1429 ዐፄ ይስሐቅ ከሞተ በኋላ በአምስት ዓመት ውስጥ አራት ነገሥታት ተፈራረቁ። በ1434 ተራው የዘርዐ ያዕቆብ ሆነ። መጽሐፈ ብርሃን በተባለው ሥራው ከግሸን የወረደው ሊነግሥ ሲል እንደሆነ ይናገራል። ዕድሜው 35 ነበር።

ጎበዝ ንጉሥ ነበር፣ ይሄ አይካድም። በ1445 የአዳሉን ሱልጣን በድላይን ጎሙት ላይ ድል አደረገ። በ1450 ደብረ ምጥማቅ ላይ በቅዳሜ ሰንበት ምክንያት የተጣላችውን ቤተ ክርስቲያን አስታረቀ። ደብረ ብርሃንን ቆረቆረ።

ፍርሃቱ ግን አብሮት ወረደ። መድኃኒት ያደርጉብኛል ብሎ ስለሚሰጋ ካህናት ቀን ከሌት በግቢው ዙሪያ እየጸለዩ ጠበል ይረጩ ነበር። እንደልብ ከሚቀርቡት ጥቂቶች አንዱ የሐይቅ እስጢፋኖሱ አበምኔት፣ ዐቃቤ ሰዓት አምኃ ጽዮን ነበር። ሕዝቡ ግንባሩና እጁ ላይ የእምነት ቃል እንዲጽፍ ታዘዘ። ለንጉሥ አንሰግድም ያሉት ደቂቀ እስጢፋኖስ ተገረፉ፣ አካላቸው ተቆረጠ፤ መሪያቸው አባ እስጢፋኖስም በእስር ሞተ። እነሱ ግን አልሰገዱም።

ነገሩ ቤቱም ገባ። ጣዖት አመለኩ፣ አሴሩ ተብለው ወንዶችና ሴቶች ልጆቹ ተገረፉ፣ የሞቱም አሉ። ሚስቱ ጽዮን ሞገሳም ልጇን በእዕደ ማርያምን ልታነግሥ አስባለች ተብላ ተገርፋ በዚያው ሞተች። ልጁ ለእናቱ መታሰቢያ ለቤተ ክርስቲያን ዕጣን መስጠቱ እንኳ አባቱን አስቆጣ።

ከሞተ ከ500 ዓመት በላይ የሆነውን ሰው መመርመር አይቻልም፣ እኔም ሐኪም አይደለሁም። ግን ፍራንዝ ፋኖን ትዝ ይለኛል። አልጄሪያ፣ ብሊዳ ሆስፒታል ከ1953 እስከ 1956 የሠራ የአእምሮ ሐኪም ነው፤ የተሰቃዩትንም አሰቃዮቹንም አክሟል። በ1961 ባወጣው መጽሐፍ ቀን እስረኛ ሲያሰቃይ ውሎ ማታ ሚስቱንና ልጆቹን ስለሚደበድብ ፖሊስ ጽፏል። ፖሊሱ የፈለገው ሥራውን መተው አይደለም፤ ሳይረበሽ መሥራት ነው።

አሜሪካዊቷ ሐኪም ጁዲት ኸርማን ደግሞ በ1992 መጽሐፏ የሕክምናው መጀመሪያ ለተጎዳው ሰው በገዛ ሕይወቱ ላይ የመወሰን ሥልጣኑን መመለስ ነው ትላለች። ሐኪሙም ቢሆን አይወስንለትም። በ2014 ዓ.ም. (በኛው አቆጣጠር) ጦርነት ላለፈባቸው የሐይቅና የአምባሰል ሰዎች ይሄ የመጽሐፍ ወሬ ብቻ አይደለም። ለዘርዐ ያዕቆብ በአንድ ቀን የተሰጠው ሌላ ዓይነት ሥልጣን ነበር፤ በሌላው ሰው ላይ የሚሠራው።

በ1468 ደብረ ብርሃን ላይ ሲሞት የነገሠው ያው ያስገረፈው ልጁ በእዕደ ማርያም ነው። እሱም አባቱ ካሰራቸውና ካጋዛቸው ሰዎች ብዙዎቹን ማረ። አምባውን ግን አልዘጋውም። የግሸን እስር ቤት ቀጥሎ የአሕመድ ግራኝ ጦር በ1540 ወጥቶ እስኪያጠፋው ድረስ ልዑላን ይዞ ኖረ።